ሁለት ጸሐፊ ያለው መዝገብ፦ ድረ ገጽን ከጉግል ሺትስ ጋር ስለማገናኘት

አንድ ድርጅት የምዝገባ ቅጽ ያለው ድረ ገጽ ሲያሠራ፣ ሶፍትዌሩን ለሚሠራው ባለሙያ ከሁሉ ቀድማ የምትቀርብለት ጥያቄ አለች፦ «የተመዘገቡትን በኤክሴል ልናያቸው እንችላለን?» ጠያቂዋ ብዙ ጊዜ የሂሳብ ወይም የአስተዳደር ሠራተኛ ናት። ለዓመታት ደመወዝ ያሰላችው፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ የተከታተለችው፣ ለሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ያወጣችው በረድፍና በዓምድ ነው። አዲስ የአስተዳዳሪ ገጽ ቢሠራላት ከፍታ ታየዋለች፣ ታመሰግናለች፣ ከዚያም መረጃውን ቀድታ ወደለመደችው ትመለሳለች። አይፈረድባትም። በሁለት ሳምንት ጥድፊያ የሚሠራ የአስተዳዳሪ ገጽ እርሷ በጣቷ ጫፍ የምታውቀውን ማጣሪያ፣ መደርደሪያና ቀመር ሊተካላት አይችልም።

ስፕሬድሺት (እንደ ኤክሴል ያለ የረድፍና የዓምድ ሰንጠረዥ)፣ ቪዚካልክ በ1979 ለአፕል ቱ ኮምፒውተር ከቀረበ ወዲህ፣ ፕሮግራም መጻፍ የማይችል ሰው የራሱን ፕሮግራም የሚሠራበት መሣሪያ ሆኖ ኖሯል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጉግል በ2006 የራሱን ሺትስ በኢንተርኔት ሲያቀርብ ፋይሉ በአንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ መታሰሩ ቀርቶ ብዙዎች በአንድ ጊዜ የሚጽፉበት ሆነ። ከእነዚህ ብዙዎች አንዱ ሰው ላይሆን ይችላል። ፕሮግራሞች ወደ ሺቱ የሚገቡበት በር፣ ባለሙያዎች ኤፒአይ የሚሉት፣ ዛሬ የሚሠራበት አራተኛው ትውልድ በ2016 ይፋ ሆኗል፤ ለአጠቃቀሙም ለብቻው የሚከፈል ነገር የለም። ስለዚህ ባለሙያው የአስተዳዳሪ ገጹን ትቶ ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የሚሠራበት ኮምፒውተር) እያንዳንዱን ምዝገባ በቀጥታ ሺቱ ላይ እንዲጽፍ ያደርጋል። በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ሠራተኛዋም ደስ ይላታል።

መዘዙ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ከዚያች ከሰዓት ጀምሮ መዝገቡ ሁለት ጸሐፊ አለው፦ አንዱ የማይደክምና የማያመዛዝን ፕሮግራም፣ ሌላዋ ሺቱ የእርሷ እንደሆነ የምታምን ሰው። የትኛውን ዓምድ ማን እንደሚጽፍ ሳይወሰን የተሠራ ግንኙነት፣ ኮዱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ውሎ አድሮ መዝገቡን ያበላሻል። ስለዚህ ጉዳይ የተጻፉት አብዛኞቹ መመሪያዎች ግን ቁልፉን እንዴት እንደሚያወጡና የመጀመሪያውን ረድፍ እንዴት እንደሚጽፉ አሳይተው እዚያው ያበቃሉ።

በሩና ቁልፉ

ስለ መግቢያው ባጭሩ እንነጋገር። ሰርቨር ሰው ስላልሆነ ኢሜይልና ይለፍ ቃል ሞልቶ ሊገባ አይችልም። ድሮ ይገባ ነበር። ፕሮግራመሮች የራሳቸውን የጂሜይል ይለፍ ቃል ኮዱ ውስጥ ጽፈው የሚጠቀሙበት ክላየንት ሎጊን የተባለ አሠራር በ2015 ሲዘጋ፣ ለዓመታት ያለ ችግር ሲሠሩ የነበሩ ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጀንበር ቆሙ። ሦስተኛው ትውልድ ኤፒአይ በ2021 ሲዘጋም እንዲሁ ሆነ። የሰው በር ተበድሮ የሚሠራ ሁሉ በሩ አንድ ቀን እንደሚቀየር ቢያውቅ ይበጀዋል።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሰርቪስ አካውንት፣ ማለትም ለሰው ሳይሆን ለፕሮግራም የሚከፈት አካውንት ነው። በጉግል ክላውድ ፕሮጀክት ከፍተው፣ የሺትስ ኤፒአይን አስፈቅደው ሲፈጥሩት የራሱ ረጅም የኢሜይል አድራሻ ይሰጠዋል፤ የግል ቁልፉን የያዘ ጄሰን የሚባል የጽሑፍ ፋይልም ይወርዳል። ሰርቨሩ ማንነቱንና የሚፈልገውን ፈቃድ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅቶ በዚህ ቁልፍ ይፈርምበታል፤ ጉግል ፊርማውን አረጋግጦ ለአንድ ሰዓት ብቻ የሚያገለግል ቶከን (ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ) ይመልስለታል። ሰዓቱ ሲያልቅ እንደገና ይጠይቃል። በፓይተን፣ በፒኤችፒ፣ በጃቫ ወይም በኖድ የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ በእጁ አይጽፈውም፤ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸው ኮዶች፣ ላይብረሪ የሚባሉት፣ ይሠሩለታል።

ያም ሆኖ ጀማሪ የሚደናቀፍባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የሰርቨሩ ሰዓት ነው። ፈቃድ የሚጠይቀው ጽሑፍ የተፈረመበትን ጊዜ ስለሚይዝ፣ የሰርቨሩ ሰዓት ከተዛባ ጉግል አይቀበለውም፤ የሚመለሰው መልእክት ደግሞ ቁልፉ የተበላሸ ስለሚያስመስል ሰው ቁልፍ እየቀያየረ ቀኑን ይፈጃል። ሁለተኛው ይበልጥ የተለመደ ነው። ሁሉም ነገር በትክክል ተሠርቶ 403 የሚባለው የክልከላ መልስ ይመጣል። ሰርቪስ አካውንቱ ጉግል ዘንድ ይታወቃል እንጂ በሠራተኛዋ ሺት ላይ ምንም መብት የለውም። ያንን ረጅም ኢሜይል ገልብጦ፣ ልክ ለሥራ ባልደረባ እንደሚደረገው፣ ሺቱን ማጋራት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው አንዳንዱ ትዕግሥቱ አልቆ ሺቱን «ሊንኩ ያለው ሁሉ ማረም ይችላል» ወደሚለው የሚቀይረው። ወዲያው ይሠራል። ከዚያ በኋላ ግን ሊንኩ የደረሰው ማንም ሰው፣ ስሙ እንኳ ሳይታወቅ፣ የተመዝጋቢዎችን ስልክ ማንበብም መሰረዝም ይችላል።

የጄሰን ፋይሉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የያዘው ሰው ሰርቪስ አካውንቱን ሆኖ ይገባል፤ በስልክ የሚላክ ማረጋገጫ ኮድ የሚባል ነገር እዚህ የለም። ከኮዱ ጋር ሳይታሰብ ጊትሃብ (ፕሮግራመሮች ኮድ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ላይ መጫኑ በየጊዜው የሚደርስ አደጋ ነው፤ በኋላ ቢሰረዝ እንኳ በቀደሙት ቅጂዎች ውስጥ ስለሚቀር ቁልፉን ሰርዞ ሌላ ከማውጣት በቀር መፍትሔ የለውም። ግንኙነቱ በጎብኚው አሳሽ ሳይሆን በሰርቨር በኩል የሚሠራውም ለዚሁ ነው፤ ሰው ሁሉ በሚያነበው የአሳሽ ኮድ ውስጥ የተቀመጠ ቁልፍ፣ ቁልፍ አይባልም።

አንድ ረድፍ ሺት ላይ ሲያርፍ

ቁልፉ ሠራ እንበል። አንድ የሥልጠና ማዕከል አለ፤ በድረ ገጹ የሚመዘገብ ሰው ስሙን፣ ስልኩን፣ የፋይዳ ቁጥሩንና ሥልጠና ሊጀምር የሚፈልግበትን ቀን ይሞላል። ኤፒአዩ ይህን ሲቀበል አንድ ምርጫ ይጠይቃል። «ሮው» ከተባለ የተላከለትን እንዳለ ያስቀምጣል። «ዩዘር ኤንተርድ» ከተባለ ግን አንድ ሰው ሴሉ ውስጥ በኪቦርድ እንደጻፈው ቆጥሮ ይተረጉመዋል። ብዙ ማሳያ ኮዶች ሁለተኛውን ይመርጣሉ፤ ቀኑም ገንዘቡም አምሮ ስለሚታይ።

ትርጉሙን እንከታተለው። ስልኩ ከ09 የሚጀምር ባለ 10 አኃዝ ነው። ሺቱ ቁጥር መሆኑን ያይና የፊቱን ዜሮ ይጥላል፤ 9 አኃዝ ይቀራል። ተመዝጋቢው በ+251 ቢጽፈው ደግሞ የመደመር ምልክቱ ይጠፋል። ይህ ቀላሉ ነው፤ ዜሮውን መልሶ መጨመር ይቻላል። በፋይዳ ካርድ ላይ ያለው ባለ 16 አኃዝ ቁጥር ግን አንዴ ከተበላሸ አይመለስም። ሺቱ ለአንድ ቁጥር የሚይዘው 15 አኃዝ ብቻ ስለሆነ 16ኛው ወደ ዜሮ ይለወጣል። ማንም አያስተውለውም፤ ሴሉ ባዶ አይደለም፣ የቁጥሩም ርዝመት ልክ ነው። የሚታወቀው ተመዝጋቢው ምስክር ወረቀቱን ሊወስድ መጥቶ «በዚህ ቁጥር የተመዘገበ የለም» ሲባል ነው።

ቀኑ ደግሞ ለእኛ ለብቻችን የተዘጋጀ ፈተና ነው። ጉግል ሺትስ ቀን የሚመስል ነገር ሲገባለት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ያነበዋል፤ ወሩ ይቅደም ቀኑ የሚለውን ደግሞ ሺቱ ሲከፈት ከተመረጠው አገር ይወስዳል። ተመዝጋቢው መስከረም 12 ቀን 2017 ለማለት 12/1/2017 ቢጽፍ፣ የሺቱ አገር አሜሪካ ከሆነ ዲሴምበር 1 ቀን 2017፣ እንግሊዝ ከሆነ ጃንዋሪ 12 ቀን 2017 ይሆናል። ጥቅምት 30፣ ማለትም 30/2/2017፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን በዓለም ላይ ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀመጣል። ጳጉሜን 3 ቀን 2016ን በ3/13/2016 የጻፈ ሰው በአሜሪካው አቀማመጥ ማርች 13 ሆኖለት ያርፋል። አንዱ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን ግማሹ ጽሑፍ ሆኖ ይቀላቀላል፤ ሠራተኛዋ በቀን ቅደም ተከተል ስትደረድረው የሚወጣው ነገር ለማንም አይገባም። ሰርቨሩ መልሶ ሲያነበውም ሌላ ድንገተኛ ነገር ይጠብቀዋል። ሺቱ ቀንን በውስጡ የሚያስቀምጠው ከዲሴምበር 30 ቀን 1899 ጀምሮ በተቆጠሩ ቀናት ብዛት ስለሆነ፣ 45000 የሚል ቁጥር ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ማርች 15 ቀን 2023 ማለት ነው።

በስፕሬድሺት አጉል ብልህነት የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። «ማርች 1» እና «ሴፕት 1» የሚባሉ የሰው ዘረ መሎች በኤክሴል ውስጥ እየተለወጡ ቀን ስለሚሆኑ፣ በ2016 የወጣ አንድ ጥናት የዘረ መል ዝርዝር በኤክሴል አያይዘው ከታተሙ ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ ስህተት እንዳለባቸው አሳይቶ ነበር። በ2020 የዘረ መሎችን ስም የሚወስነው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ስሞቹን ቀየረ፤ ሴፕት 1 ሴፕቲን 1 ተባለ። ሶፍትዌሩን ከማረም የሰውን ዘረ መል ስም መለወጥ ቀለለ ማለት ነው።

ከስህተት ወደ ክፋት ስናልፍ፣ የስም ሳጥኑ ውስጥ በእኩል ምልክት የሚጀምር ነገር የሚጽፍ ሰው ይመጣል። «ዩዘር ኤንተርድ» ይህን ቀመር አድርጎ ያስኬደዋል። ሺትስ ከውጭ አድራሻ መረጃ ወይም ምስል የሚያመጡ ቀመሮች አሉት፤ ተንኮለኛው የጎረቤት ሴሎችን ይዘት ከአድራሻው ጋር አገናኝቶ ወደ ራሱ ሰርቨር እንዲሄድ ማድረግ ይችላል። ሺትስ ለእንዲህ ያሉ ቀመሮች ፈቃድ የሚጠይቅበት ጊዜ ቢኖርም ፈቃዱን የምትሰጠው ያቺው ሥራ የበዛባት ሠራተኛ ናት። ስለዚህ ከሕዝብ የመጣ ጽሑፍ ሁሉ ያለ ምንም ማመንታት በ«ሮው» ይግባ። እርሱም ብቻውን አይበቃም፤ ሺቱ በሲኤስቪ (በተራ የጽሑፍ ፋይል) ወርዶ በኤክሴል ሲከፈት ያው ጽሑፍ እንደገና ቀመር ሊሆን ይችላል። በ=፣ በ+፣ በ- ወይም በ@ የሚጀምር የሰው ስም ስለማይኖር ሰርቨሩ ገና በመግቢያው ላይ ቢመልሰው የሚቀየም ሰው የለም።

ስልሳ በደቂቃ

በነጻ የሚሰጥ ነገር ገደብ አለው። የሺትስ ኤፒአይ ለአንድ ፕሮጀክት በደቂቃ 300 የንባብ እና 300 የጽሕፈት ጥያቄ ይፈቅዳል፤ ለአንድ ተጠቃሚ ደግሞ 60 እና 60። ብዙ ሰው የሚታለለው «ተጠቃሚ» የሚለው ላይ ነው። ድረ ገጹን ሺህ ሰው ቢጎበኘውም ጉግል የሚያየው አንዱን ሰርቪስ አካውንት ብቻ ስለሆነ፣ ሺሁም በዚያች በስልሳዋ ይስተናገዳሉ። ምዝገባ ጠዋት በ3 ሰዓት ይከፈታል ተብሎ ማስታወቂያ ወጥቶ 500 ሰው በአንዴ ቢገባ፣ ለእያንዳንዱ አንድ የጽሕፈት ጥያቄ ብቻ ቢላክ እንኳ ሁሉንም ለማስተናገድ ከ8 ደቂቃ በላይ ያስፈልጋል። ሰዎች ደግሞ 8 ደቂቃ አይጠብቁም። ሰርቨሩ ከጉግል 429 የተባለውን «በዛብኝ» የሚል መልስ ያገኛል፣ ተመዝጋቢው ነጭ ገጽ ያያል፣ ደጋግሞ ይጫናል፣ እያንዳንዱ መጫን ሌላ ጥያቄ ይሆናል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ በምዝገባው ዕለት ጠዋት ኮታ ይጨመርልን ብሎ ማመልከት አያዋጣም።

ደግነቱ ኮታው የሚቆጥረው ጥያቄን እንጂ ረድፍን አይደለም። 500ውንም ረድፍ በአንድ ጥያቄ መላክ ይቻላል። ለዚህ ግን ምዝገባው መጀመሪያ የሚያርፍበት ሌላ ቦታ ሊኖር ይገባል፦ ሰርቨሩ አጠገብ ያለ ዳታቤዝ (መረጃ የሚያከማች ፕሮግራም)፣ ፖስትግሬስም ሆነ ማይኤስኪውኤል፣ ለትንሽ ድርጅት ኤስኪውላይትም ይበቃል። ተመዝጋቢው «ተመዝግበዋል» የሚለውን መልስ የሚያገኘው ዳታቤዙ ሲቀበለው ነው። ከጀርባ ያለ ሌላ ሥራ በየደቂቃው ወይም በየአምስት ደቂቃው አዲሶቹን ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ወደ ሺቱ ይልካል። ጉግል «በዛብኝ» ካለ አንድ ሰከንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ አራት እያለ እየራቀ ይሞክራል። ተመዝጋቢው ስለዚህ ሁሉ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ማወቅም የለበትም።

የኔትወርክ መቆራረጥ ባለበት አገር ይህ ቅንጦት አይደለም። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ቢሆን ጉግል ባሕር ማዶ ነው። ረድፍ የሚጨምረው ጥያቄ ተልኮ መልሱ ሳይመጣ መስመሩ ቢቋረጥ፣ ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም የሚለውን ሰርቨሩ ሊያውቅ አይችልም። እንደገና ቢልክ ሰውየው ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፣ ዝም ቢል ጭራሽ ላይመዘገብ ይችላል። ረድፍ የመጨመር ትእዛዙ ለዚህ ዋስትና የለውም። መውጫው ለእያንዳንዱ ምዝገባ ዳታቤዙ የማይደገም መለያ እንዲሰጠው፣ መለያውም በሺቱ የመጀመሪያ ዓምድ እንዲጻፍ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ጥርጣሬ ሲፈጠር የመለያዎቹን ዓምድ አንብቦ የጎደለውን መሙላት፣ የተደገመውን ማንሳት ይቻላል። በ2012 ዓ.ም. (በእኛው አቆጣጠር) ከሰኔ 23 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ ኢትዮጵያ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘግቶ እንደነበር የሚያስታውስ፣ ብቸኛ መዝገቡን ባሕር ማዶ ያስቀመጠ ድርጅት በእነዚያ ሳምንታት በእጁ ምን እንደነበረው መገመት አያቅተውም። እዚሁ ያለ ዳታቤዝ ቢያንስ በቢሮው የውስጥ መስመር ይነበባል።

በፊደል ተራ ስትደረድረው

አሁን ወደ ሁለቱ ጸሐፊዎች። ሰርቨሩ ተመዝጋቢን ረድፍ 42 ላይ ጽፎ «42» የሚለውን አስታወሰ። ከሰዓት በኋላ ሠራተኛዋ ስም ለመፈለግ ሺቱን በፊደል ተራ ደረደረችው። ማታ ያው ተመዝጋቢ በቴሌብር ከፈለ፤ ሰርቨሩ ረድፍ 42 ሄዶ «ተከፍሏል» ብሎ ጻፈ። ረድፍ 42 ላይ አሁን ያለው ሌላ ሰው ነው። ሠራተኛዋ መደርደር መብቷ ነው፤ ሺት የተፈጠረው ለዚህ ነው። ኮዱም የታዘዘውን አድርጓል። ያልከፈለው ሰው ገባ፣ የከፈለው በር ላይ ቆመ፣ በመሃል ግን «ስህተት» የሚል አንድም መልእክት የትም አልታየም።

የመለያው ዓምድ እዚህም ይረዳል፤ ሰርቨሩ ከመጻፉ በፊት መለያውን ፈልጎ የዛሬውን ረድፍ ያገኛል። ግን ፍለጋውና ጽሕፈቱ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ባለችው ቅጽበት ሠራተኛዋ ብትደረድረው ያው ነው። እውነተኛ ዳታቤዝ ረድፉን ቆልፎ ሥራውን ይጨርሳል፤ ሺትስ ለዚህ የሚሆን መቆለፊያ በኤፒአዩ አይሰጥም። አደጋውን ከወራት ወደ ሰከንድ ማጥበብ ይቻላል፣ ማጥፋት ግን አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው መብትን በዓምድ መከፋፈል ይመስለኛል። ዳታቤዙ የሚያውቃቸው ዓምዶች፣ ማለትም መለያ፣ ስም፣ ስልክ፣ ክፍያ፣ የሰርቨሩ ብቻ ይሁኑ። ሰርቨሩ አንድ ረድፍ ፈልጎ ከማረም ይልቅ ይህን ክፍል ለብቻው ገጽ አድርጎ በየጊዜው ሙሉ በሙሉ ከዳታቤዙ ይጻፈው፤ ገጹም ሌላ ሰው እንዳያርመው ይጠበቅ። የሺቱ ባለቤት ግን ከጥበቃው በላይ ስለሆነ ባለቤቱ ማን እንደሚሆን መታሰብ አለበት። ሠራተኛዋ በሌላ ገጽ፣ በመለያው እየጠቀሰች፣ እንደፈለገች ትደርድር፣ ቀለም ትቀባ፣ ቀመር ትጻፍ። ነገ ማታ አንዱ ቢበላሽ ከዳታቤዙ እንደገና ይጻፋል።

ከእርሷ ወደ ሰርቨሩ መመለስ ያለበት ነገርስ? ብዙ ጊዜ አንድ ውሳኔ ነው፤ «ተቀባይነት አግኝቷል» ወይም «አላገኘም»። ለዚህ አንድ ዓምድ ብቻ፣ ከተዘጋጁ ምርጫዎች በቀር ሌላ የማይጻፍበት ሆኖ፣ ከመለያው ጋር ይነበብ። እዚህም ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። ኤፒአዩ በረድፉ መጨረሻ ያሉ ባዶ ሴሎችን ስለማይልክ፣ አምስት ዓምድ የጠበቀ ኮድ ሦስት ብቻ አግኝቶ ሊወድቅ ይችላል። ሠራተኛዋ መሃል ላይ «አስተያየት» የሚል ዓምድ ብትጨምር አራተኛው አምስተኛ ይሆናል። ስለዚህ ኮዱ ዓምድን በተራ ቁጥሩ ሳይሆን በርእሱ ይፈልገው፣ ርእሱን ካጣም በግምት ከመቀጠል ቆሞ ለሰው ያሳውቅ።

መቆሙ ላይ አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። በ2020 በእንግሊዝ ፐብሊክ ሄልዝ ኢንግላንድ ከላቦራቶሪዎች የሚደርሰውን የኮቪድ ምርመራ ውጤት በቀድሞው የኤክሴል ፋይል ዓይነት በኩል ያሳልፍ ነበር። ያ የፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። የተረፈው ረድፍ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ተቆርጦ ቀረ፤ ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ባሉት ቀናት ቫይረሱ የተገኘባቸው 15,841 ሰዎች ከዕለቱ ቁጥር ጎደሉ፤ ከእነርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን የማፈላለግ ሥራም ዘገየ። የጉግል ሺትስ ጣሪያ ከዚያ በጣም ይሰፋል፤ ከ2022 ጀምሮ 10 ሚሊዮን ሴል ነው። ባዶ ሴሎችም ስለሚቆጠሩ በ20 ዓምድ ሲካፈል ግማሽ ሚሊዮን ረድፍ ይሆናል፤ አብዛኛው የእኛ ድርጅት እዚያ አይደርስም። ሺቱ ግን ከዚያ በፊት ገና በመከፈት ላይ እያለ ሰው ማሰልቸት ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ለማይገባው ቦታ እንዳይውል አንድ ነገር ልበል። አርባ ሰው ለሚመዘገብበት የአንድ ቀን ስብሰባ ሰርቨርም፣ ሰርቪስ አካውንትም፣ ዳታቤዝም አያስፈልግም፤ የጉግል ፎርም በራሱ ወደ ሺት ይጽፋል። ሺቱን ሰርቨሩ ብቻ የሚያነብ ከሆነም፣ ለምሳሌ የሥልጠና መርሐ ግብሩን ሠራተኛዋ ጽፋ ድረ ገጹ የሚያሳይ ከሆነ፣ ጸሐፊው አንድ ስለሆነ ብዙው ጭንቀት ይቀራል፤ በየጥቂት ደቂቃው አንብቦ ቅጂውን ማስቀመጥ ብቻ ነው። ሺትንና ዳታቤዝን ያጣመሩ፣ ኤርቴብልን የመሳሰሉት አገልግሎቶች እያንዳንዱን ረድፍ ገና ከመነሻው በመለያ ስለሚያውቁት የመደርደሩ ጣጣ የለባቸውም፤ እነርሱም ገደብ አላቸው፣ ኤርቴብል በሰከንድ ከ5 ጥያቄ በላይ አይቀበልም፤ ሠራተኛዋም አዲስ መሣሪያ መልመድ ይኖርባታል።

ሺቱ የማን ነው?

በቴክኒክ ውይይት ላይ ሲነሳ ብዙም የማልሰማው ጥያቄ ይህ ነው። ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይህ ዓመት በእኛው አቆጣጠር ነው) አውጥታለች፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የግል መረጃን ከአገር ውጭ ስለማስተላለፍም ድንጋጌዎች አሉበት። ሺት ላይ የተጻፈ ስልክና የፋይዳ ቁጥር ደግሞ በተጻፈበት ቅጽበት ከአገር ወጥቷል። የሕግ ባለሙያ ከመጥራት በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ከዚያ ያነሰ ነው፦ ሠራተኛዋ ለሥራዋ የፋይዳ ቁጥሩ ያስፈልጋታል? ስም፣ የሥልጠናው ዓይነትና የክፍያው ሁኔታ የሚበቃት ከሆነ ቁጥሩ ከዳታቤዙ አይውጣ፤ ሰው ለመለየት ካስቸገራት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ይበቃሉ። ያልተላከ መረጃ 16ኛ አኃዙም አይጠፋም፣ ሊንኩም ቢባክን አይጋለጥም።

ቀጥሎ የፋይሉ ባለቤትነት አለ። በጥድፊያ የተሠራ ሺት ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በአንድ ሰው የግል ጂሜይል ነው፤ በሠራተኛዋ ወይም በፕሮግራመሩ። ሰውየው ሥራ ሲለቅ ሺቱ አብሮት ይለቃል፤ ድርጅቱ የሚቀረው መብት ባለቤቱ እስከፈቀደለት ድረስ ነው። ጉግል ደግሞ ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያልተከፈቱ የግል አካውንቶችን ከነይዘታቸው መሰረዝ ጀምሯል። ድርጅቱ የጉግል ወርክስፔስ (ጉግል ለድርጅቶች የሚሸጠው አገልግሎት) ደንበኛ ከሆነ ፋይሉ በጋራ ድራይቭ ውስጥ ቢከፈት ባለቤቱ ድርጅቱ ይሆናል። ካልሆነም ቢያንስ ለሥራው ብቻ የተከፈተ፣ ይለፍ ቃሉና የማረጋገጫ ስልኩ በአንድ ሰው ኪስ ያልቀረ አካውንት ይኑር። የክላውድ ፕሮጀክቱም እንዲሁ፤ ሰርቪስ አካውንቱ የሚኖረው በእርሱ ውስጥ ስለሆነ፣ ፕሮጀክቱን በግል አካውንቱ የከፈተው ባለሙያ ሲዘጋው የድርጅቱ ምዝገባ ወደ ሺቱ መድረሱን ያቆማል፤ የርክክብ ሰነዱ ላይ ሰርቨሩና የድረ ገጹ ስም ተዘርዝረው ይህ ፕሮጀክት ሳይጠቀስ የሚቀረው ደግሞ በብዛት ነው።